ፊቱን ያላዞረው ተዋጊ

ልጄን ከትምህርት ቤት ይዤ ስመለስ፣ ሩዋንዳ ሰፈር አንድ የጌም ሱቅ መስታወት ላይ በተለጠፈ ሥዕል ቀይ መቀነቱን አየሁና ቆምኩ። የልጅነቴ ተዋጊ ነው።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ አጎቴ ከውጭ ባመጣልን የጌም ካሴት ሽፋን ላይ በጎኑ ቆሞ ነበር፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ። በእርሳስ ስገለብጠው አያቴ መጥተው ከላዬ ቆሙ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ ጣቶቻቸው ሁልጊዜ ቀለም ቀለም ይሸቱ ነበር።

«ማነው የሣለው?»

«ጃፓናዊ ነው፣ አባባ። ሥራው የጌም ሰዎችን መሣል ነው።»

«ያውቅበታል። እኛም ክፉን በጎኑ ነው የምንሥለው፤ በሁለት ዓይኑ እንዳያየን።» ወረቀቴን በመዳፋቸው ሸፈኑት። «ፊቱን ያዞረ ለት ግን…»

«ምን ይሆናል?» አልኳቸው። ብሩሻቸውን ማጠብ ያዙ።

ዛሬ በሱቁ በር ላይ የቆመውን ባለሱቅ ስለ ሠዓሊው ጠየቅሁት።

«ሸምግሏል፤ ዕድሜውን ሙሉ ግን ይህንኑ ተዋጊ ሲሥል ነው የኖረው» አለኝ። «ይሄ አዲሱ ሥራው ነው።»

ያኔ ነው ልብ ያልኩት። የዛሬው ፊት ለፊት ነው የቆመው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ዝቅ ብለው ያያሉ።

ልጄ እጄን ጨበጥ አደረገችው።

«እማዬ፣ ለምንድነው እኔን የሚያየኝ?»