የአባት ጩኸትና የልጅ አንጎል

በአእምሮ ጤና ነርስነት ሥራ ስጀምር ጠረጴዛ እንኳ አልነበረኝም። ጓሳ ከሚባለው የጋራ ሣር ምድር አፋፍ ላይ ያለችው ጤና ጣቢያ የሰጠችኝ ክፍል የዕቃ ማከማቻ የነበረ ነው። ኃላፊያችን ቁልፉን ሲያስረክበኝ፣ «እዚህ አገር ሰው ለራስ ምታት እንጂ ለጭንቀት አይመጣም፤ ብዙም አትደክሚ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የመጡት ሁሉ ለራስ ምታት ነበር። ጠጋ ብዬ ስጠይቅ ግን ራስ ምታቱ የድንበር ክርክር ወይም የሚደበድብ ባል ሆኖ ይገኛል።

ኋላ ሥልጠና ገባሁ። አንጎል ውስጥ የነርቭ ሴሎችን የሚያሳድጉና እርስ በርስ የሚያገናኙ ንጥረ ነገሮች እንዳሉ፣ ጭንቀት ሲረዝም ለትውስታ በሚያገለግለው ክፍል እንደሚቀንሱ ተማርኩ። ይህ በብዛት የታየው በእንስሳት ላይ ነው፤ ጉልበተኛ አይጥ ደጋግሞ ባጠቃው አይጥ ላይ። የእኛ ጤና ጣቢያ ይህን የሚለካበት መሣሪያ የለውም። ያለን መሣሪያ ጠይቆ መስማት ነው።

አንድ የገበያ ቀን አቶ ደምሰው ስድስተኛ ክፍል የምትማር ልጃቸውን ትርንጎን ይዘው መጡ። «ሲስተር፣ ጎበዝ ነበረች። ዘንድሮ ያጠናችውን ሁሉ ትረሳለች። መድኃኒት ካለ ይስጧት፤ ከሌለ ከትምህርቱ ላስቀራት» አሉ።

ልጅቷን ለብቻዋ አነጋገርኳት። «አባባ ከአጎቴ ጋር በመሬት ከተጣላ ወዲህ ቤት ሲገባ ይጮኻል። መቼ ዕቃ እንደሚወረውር ስለማላውቅ ጆሮዬ እሱ ጋ ነው፤ ሌሊትም አልተኛም» አለችኝ። ደብተሩን ብትገልጠው ምን ይገባታል?

አቶ ደምሰው የጓሳ ጠባቂ ናቸው፤ ከብት ያለ ጊዜው እንዳይገባ ሣርም እንዳይታጨድ ይቆጣጠራሉ። በሥራቸው ላስረዳቸው አሰብኩ።

«ጓሳው ከብት ሳይለየው ቢከርም ሣሩ ያድጋል?»

«እንዴት ተብሎ! ሥሩ ይነቀላል እንጂ። ተዘግቶ መክረም አለበት።»

«የልጅዎም አንጎል የሚያሳድገው ነገር አለው። ጩኸትና ፍርሃት ሲበዛ ያንሳል። ፋታ ይስጧት።»

«ገባኝ» ብለው ሄዱ። እኔም ጥሩ አስረዳሁ ብዬ ኮራሁ።

ብዙም ሳይቆይ አስተማሪዋ ትርንጎ ትምህርት ቤት መምጣት እንዳቆመች ነገረኝ። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር በእግር ወደ ቤታቸው ወጣን። አቶ ደምሰው በር ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን ይጠብቃሉ! ትርንጎ ጓዳ ናት። ትምህርት የለ፣ ጓደኛ የለ።

«እንዳሉኝ ዘግቼያታለሁ። ማንም አይደርስባትም» አሉኝ ደስ ብሏቸው። ይህን ሲሉ ታናሽ ወንድሟ ወደ በሩ ጠጋ ቢል፣ «ዞር በል ከዚህ!» ብለው ጮኹበት፤ እኔ ራሴ ደነገጥኩ።

ተናደድኩ። «አቶ ደምሰው፣ ጓሳ ሲዘጋ ሣሩ ይታሰራል ወይስ ከብቱ ይወጣል?»

«ከብቱ ይወጣል እንጂ።»

«እርስዎ ግን ሣሩን አስረው ከብቱን ለቀውታል።»

«ከብቱ እኔ ነኝ በሉኛ፣ ሲስተር» አሉ።

«ጩኸትዎ ነው» አልኳቸው።

ከጓዳ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። የፈራሁት ቁጣ አልመጣም።

በማግስቱ ትርንጎ ትምህርት ቤት ገባች። የመሬቱ ጠብ ለሽማግሌ ተሰጠ። አቶ ደምሰው ንዴት ሲመጣባቸው ከቤት ሊወጡ ተስማሙ፤ ሁልጊዜ አልሆነላቸውም፣ ግን ሞከሩ። ልጅቷ ቀስ በቀስ እንቅልፍ አገኘች፤ ያነበበችውም ይያዝላት ጀመር። ደረጃ አልወጣችም፤ አለፈች።

በየጊዜው ለክትትል ያመጧት ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ሲያመጧት ልጅቷን አስቀድመው አስወጡና እሳቸው ወንበሩ ላይ ቀሩ። ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ ያዞሩታል።

«እኔም እንቅልፍ የለኝም። ያስቀመጥኩት ይጠፋኛል። አባታችን እንዲህ እየጮኸብን ነው ያደግነው። ያ የሚያሳድገው ነገር፣ እኔ ላይ አልቋል?»

ስንት ጊዜ እዚያ ወንበር አጠገብ ቆመው ስለ ልጃቸው ሲነግሩኝ አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም።

«አላለቀም» አልኳቸው። «ካርድ ያውጡ።»

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው፦ ልጅ ይዞ የመጣውንም ሰው እንቅልፍ እንዴት ነው ብላችሁ ጠይቁት።