ስፔን በኩባ፣ በቀበሌያችን አዳራሽ

ጎረቤታችን፣ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላቸው ሴት፣ ያንን ጥያቄ የጠየቁት አውቀው ነው ወይስ በየዋህነት? እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

በገጠር ገበሬውን በአንድ የሚያሰባስበው የመንደር ምሥረታ የተጧጧፈበት ጊዜ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሴት ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያኔ የማታ ሰባተኛ ክፍል ደርሻለሁ። መጽሐፍ ከእጄ ስለማይለይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለእሑዱ ውይይት ጽሑፍ እንዳቀርብ አዘዘኝ። ርእሱ ስፔን ወዳጃችንን ኩባን እንዴት ትገዛ እንደነበር ነው። የቀረ ሰው ስኳር ስለሚከለከል አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል።

ያነበብኩትን ሳልጨምር ሳልቀንስ አቀረብኩ። ከስፔን የሚሾመው ገዥ ጦሩንም ፍርዱንም ይዞ ደሴቲቱን እንደተከበበ ምሽግ ያስተዳድር ነበር። እሱ ሳይፈቅድ ጋዜጣ አይታተምም፤ የጠላውን ያለ ፍርድ ወደ ግዞት ይልካል። ኋላ አመፅ ሲነሳ፣ አማፂ ያበላሉ ተብሎ ገበሬዎቹ ከየቀዬያቸው ተነቅለው ወታደር በሚጠብቀው ሰፈር ተሰበሰቡ። እርሻው ጦም አደረ። ሰዉ በረሃብና በበሽታ አለቀ።

በኛ ቀበሌ ከታዳሚው አንድ ሰው ተነስቶ የተነበበውን ከአገራችን ጋር ካላገናኘ ስብሰባ አይዘጋም። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ያው ሰውዬ ነው፤ የሚለውም ያው። ያን ቀን ግን እትዬ እጃቸውን አወጡ። አርሲ ያለው ወንድማቸው ወደ አዲሱ መንደር ከተዛወረ ገና ወር አልሞላውም።

«ልጄ፣ የነዚያን ገበሬዎች ቤት ወታደሩ ነው ያፈረሰው ወይስ እንደኛዎቹ ራሳችሁ አፍርሱ ተባሉ?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ሳል አስመሰለው። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አይቶ ስብሰባውን ዘጋ።

ሰኞ ቀበሌ ተጠራሁ። ካድሬው ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ሴትዮዋ አብዮቱን ለመዝለፍ እንደጠየቁ መስክሪ አለኝ። የጠየቁት ታሪክ ነው፣ መልሱም መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ቤቱን ወታደር ያቃጥለው ነበር አልኩት።

«ጓዲት፣ ለማታ ተማሪ ብዙ አነበብሽ» አለኝ። የተነጋገርነው ከዚያ ክፍል ከወጣ ለእኔም ለእሳቸውም እንደማይበጅ ነግሮ ሰደደኝ። የማታ ትምህርቴም በዚያው ቀረ። ማክሰኞ እትዬን ወሰዷቸው።

ሰፈሩ የራሱን ሂሳብ ሠራ፤ ጽሑፉን ያቀረበች እሷ፣ ቀበሌ ገብታ በእግሯ የወጣች እሷ። እትዬ ክረምቱን ታስረው ሲፈቱ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት ልል ሄድኩ። በሩን የከፈቱት ራሳቸው፣ መልሰው የዘጉትም ራሳቸው። እንዳልመሰከርኩባቸው ብናገር ድጋሚ እንዳይወስዷቸው ፈርቼ ዝም አልኩ። መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ቃሉን ከየት ጀምሬ እንደማወጣው ጠፋኝ። እሳቸውም አረፉ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ጠዋት፣ ዐሥራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲ ስጠብቅ፣ እኩያዬ የሆነችው ልጃቸው አጠገቤ ቆመች። አንድ በአንድ ነገርኳት።

«እናቴ አንቺን ስታይ መንገድ ትቀይር ነበር» አለችኝ። «ይኼን ለሷ ነበር መንገር። አሁን እኔ ምን ላድርገው?»

ታክሲው መጣ። እሷ ገባች፤ እኔ የሚቀጥለውን ጠበቅሁ።