ታሪኬ በእሱ ድምፅ

መጽሐፌን ይዤ ማተሚያ ቤት ሄጄ አላውቅም። ሀዋሳ ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የተማሪ ውጤት ሳስገባ እውላለሁ። ልብ ወለዴን የጻፍኩት በምሳ ሰዓትና ታክሲ ስጠብቅ፣ በስልኬ ነው። ሲያልቅ የራሴን ቻናል ከፍቼ በኢንተርኔት አወጣሁት። አርታኢውም፣ አከፋፋዩም፣ ሻጩም እኔው ነበርኩ። የሚገዛኝ ሰው የባንክ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል፣ እኔ ደግሞ ፋይሉን እልክለታለሁ። ከሚገዛኝ ይልቅ ግን «እህቴ፣ ፒዲኤፉን በነጻ ላኪልኝ» የሚለኝ ይበዛ ነበር። አንዱማ መጽሐፉን ከማላውቀው ቻናል በነጻ አውርዶ ሲያነብ ቆይቶ «መሀል ላይ ገጽ ይጎድለዋል፣ ሙሉውን ላኪልኝ እንጂ» ብሎ ተቆጣኝ። ስቄ ላኩለት። ያን ጊዜ እንዲህ ዓይነቱ ነገር ያስቀኝ ነበር።

ታሪኩ የአክስቴ ነው። አክስቴ ከሀዋሳ ወጣ ብሎ ባለው ቡሹሎ ይኖራሉ፤ እናቴ ካረፈች ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ወጣት ሳሉ በሠርጋቸው ቀን ሙሽራው ቀረ። ድንኳኑ ተተክሎ፣ በሬው ታርዶ፣ ዘመዱ ከየቦታው ተሰብስቦ እስከ ቀትር ተጠበቀ፤ እስከ አመሻሹ ተጠበቀ። በመጨረሻ አንድ ሚዜ ብቻውን በእግሩ መጣና ሙሽራው አገር ጥሎ መሄዱን ተናገረ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሊበተን ሲል አክስቴ ቬላቸውን አወለቁ፣ በነጩ ቀሚሳቸው ላይ ሽርጥ አሰሩ፣ እንግዳውንም በእጃቸው ማስተናገድ ጀመሩ። «ከሩቅ የመጣን ሰው ሳላበላ ልሸኝ?» ነበር ያሉት። በማግስቱ ከጎረቤት የተዋሱትን ድስትና ሳህን ሁሉ አጥበው፣ ራሳቸው ተሸክመው በየቤቱ መለሱ። ሌላ ሰው ላድርስልሽ ቢላቸውም እምቢ አሉ። ሰው ሁሉ አንዴ አይቷቸው ወሬው እንዲያበቃ ፈልገው ነው።

ታሪኩን እንድጽፈው ፈቃዳቸውን ስጠይቅ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። እኔና እሳቸው የምንነጋገረው በሲዳሙ አፎ ነው፤ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ማንበብ አይችሉም።

«ጻፊው» አሉኝ። «ግን ያልመጣውን ሰው እንዳታመጪው። አልመጣም። እኔም አለመምጣቱን ችዬ ነው የኖርኩት።»

ቃሌን ጠበቅኩ። መጽሐፉ የሚያልቀው ሙሽራዋ የመጨረሻውን ድስት ለባለቤቱ መልሳ፣ ባዶ እጇን ወደ ቤቷ ስትመለስ ነው።

የመጀመሪያ አንባቢዬ ከቤተ ክርስቲያን የልጆች መዘምራን ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ጓደኛዬ ነበር። ወንድሜ ነበር የምለው። ድምፁ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው የሚያስቆም ነው፤ ዩኒቨርሲቲ እያለ በግቢው ሚኒ ሚዲያ ዜና ሲያነብ ምሳቸውን ይዘው የሚሰሙት ተማሪዎች ነበሩ። እያንዳንዱን ምዕራፍ ስጨርስ እልክለታለሁ፤ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ጮክ ብሎ ያነብልኛል። «እዚህ ጋ አረፍተ ነገሩ ትንፋሽ ያሳጣል፣ ቁረጪው» ይለኛል። እቆርጠዋለሁ። የሚያስቀው ቦታ ላይ ሲደርስ ገና ሳያነበው መሳቅ ይጀምራል። የሽፋኑን ሥዕልም የሠራልኝ እሱ ነው። ፋይሉን እንደዚያው ሊስተካከል በሚችልበት መልክ፣ ሳልቆልፈው የሰጠሁት ለእሱ ብቻ ነበር።

መጽሐፉ እምብዛም አልተነበበም። ተስፋ ቆርጬ ሳለ እሱ የትረካ ቻናል ከፈተ። «የመጀመሪያውን ምዕራፍ ልተርክልሽ» አለኝ። «ማስታወቂያ ይሆንሻል። ሰው ዛሬ ማንበብ ትቷል፤ የሚሰማ ግን ሞልቷል።» ደስ አለኝ። ትረካው ሲወጣ መግቢያው ላይ ስሜን ጠርቶ፣ መጽሐፉ የት እንደሚገኝ ተናግሮ ነበር። በዚያ ሳምንት አዳዲስ አንባቢዎች መጡልኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳገኘው አቅፌ አመሰገንኩት።

ከዚያ በኋላ ስለ ትረካው አላወራንም። ሥራ በዝቶብኛል ይለኛል፤ የእሑዱም ንባብ ቀረ። እኔም ምንም አልጠረጠርኩም።

የተመዝጋቢ ተማሪ ወረፋ በሌለበት አንድ ጠዋት ከጎኔ የምትቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«አንድ ትረካ እየሰማሁ ነው፣ ልቤን ሰበረው። ደራሲውም ተራኪውም አንድ ሰው ነው፤ የእኛ የሀዋሳ ልጅ። ነይ ስሚ።»

አንዱን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ሙሽራዋ ቬሏን ስታወልቅ የሚለውን ቦታ እያነበበ ነበር። ቃሉ የኔ ነው፤ የቆረጥኩት አረፍተ ነገር እንኳ እንደተቆረጠ ነው። ስልኳን ተቀብዬ ስክሪኑን አየሁ። «ድርሰትና ትረካ» ይላል፣ ከሥሩ የእሱ ስም። የመጀመሪያውም ክፍል ተነሥቶ እንደገና ተጭኗል፤ ስሜ የነበረበት መግቢያ ወጥቶለታል። ባልደረባዬ ቀና ብላ ታየኛለች። እንደምጽፍ አታውቅም፤ ቢሮ ውስጥ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። «የኔ ነው» ብላት ምን እንደምትል ስለገባኝ ስልኳን መለስኩላት። ያን ቀን ያስገባሁትን ውጤት በማግስቱ እንደገና ማረም ነበረብኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከሕንጻው ጀርባ ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ሙሽራዋ የመጨረሻውን ድስት ልትመልስ ስትሄድ ሙዚቃ ገባ። በሩ ተከፈተ። ሙሽራው ወጣ። ተንበረከከ፣ አለቀሰ፣ ይቅርታ ጠየቃት፤ እሷም ድስቱን ጥላ አቀፈችው።

ደወልኩለት፤ አላነሳም። ደጋግሜ ስደውል የድምፅ መልእክት ላከልኝ፤ «እህቴ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ በአካል አስረዳሻለሁ» ይላል። መጠበቅ አቃተኝና ከትረካው ሥር ገብቼ «ይህ የኔ መጽሐፍ ነው፤ መጨረሻውም እንዲህ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ወዲያው ጎረፈ። አንዱ «ቅናት በሽታ ነው» አለኝ። አንዷ «እህቴ፣ ጌታ ይርዳሽ፣ በሰው ድካም አትመኪ» አለችኝ። መጽሐፌን ገዝታ ያነበበች አንዲት ልጅ ደርሳ ልትከራከርልኝ ሞከረች። ተመልሼ ላመሰግናት ስል ገጹ አይከፈትልኝም፤ ጓደኛዬ አግዶኛል። የከፋብኝ ግን በራሴ ቻናል የመጣልኝ ጥያቄ ነው። የቆየ አንባቢዬ ነው፣ በትህትና ነው የጠየቀኝ፤ «ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ከእሱ ወስደሽ ነው እንዴ የጻፍሽው?»

መሀል ከተማ አንድ ጁስ ቤት ውስጥ ተገናኘን። ቀድሞኝ መጥቶ የምወደውን አቮካዶ አዝዞልኛል። እንደ ድሮው ፈገግ አለልኝ፤ ያ ፈገግታ ነው ያቃጠለኝ።

«ስሜን ለምን አወጣህ?» አልኩት።

«አትቆጪ እስቲ። ሁለት ስም ሲሆን ሰሚው ግራ ይጋባል። ቻናሉ ሲያድግ ላስተዋውቅሽ አስቤ ነበር።»

«እኔ የጻፍኩትን?»

«አንቺ ጻፍሽው፣ እኔ አደረስኩት። እኔ ባላነበው ማን ያውቀው ነበር? እውነቱን ንገሪኝ።»

እውነቱን ነበር። እሱም ያውቀዋል፤ ማንም እንዳላነበበልኝ ያማረርኩት ለእሱ ነበር። የነገርኩትን ሁሉ አሁን መልሶ ይሰጠኛል።

«መጨረሻውስ?»

«ሰው ተስፋ ይፈልጋል። ድስት መልሳ ቤቷ ገባች ብለሽ ታበቂያለሽ? ሰሚው ይሰድበኛል።»

«የአክስቴ ሕይወት ነው እኮ። ታውቃቸዋለህ። ቤታቸው በልተሃል።»

ጁሱን በስትሮው አማሰለ። «ልብ ወለድ ነው ብለሽ አይደል ያወጣሽው?» አለኝ።

ተነሥቼ ወጣሁ።

ነገሩ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። በልጅነታችን መዝሙር ያስተማሩን ሽማግሌ ሁለታችንንም ጠርተው አነጋገሩን። ደግ ሰው ናቸው፤ እውነቱን ከሰሙ ይፈርዱልኛል ብዬ ሙሉ በሙሉ ተማምኜ ነበር የሄድኩት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። እሱ አንድም ነገር አልካደም፤ አንገቱን ደፍቶ «እህቴን ካስቀየምኩ ይቅርታ» አለ። «ካስቀየምኩ» ነው ያለው።

ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። «በይ ልጄ፣ ይቅርታ ጠይቆሻል። ታሪኩን ባለቤቴም ሰምታዋለች፣ አልቅሳለች። ለብዙ ሰው በረከት ከሆነ በማን ስም ቢሆን ምን ይጎድላል? ክብሩ የጌታ ነው።»

«አባቴ፣ ትረካው ይውረድ ብዬ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«እሱን በፍቅር ትነጋገራላችሁ» አሉና እንድንጸልይ አስነሡን። እጅ ለእጅ አያያዙን። የእሱ እጅ ሞቅ ያለ ነበር፤ የኔ አልነበረም። ሲጸልዩ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ያን አዳራሽ ከልጅነቴ ጀምሮ ቤቴ ነው የምለው፤ ያን ቀን ግን እንግዳ ሆንኩበት።

ቅዳሜ ቡሹሎ ሄድኩ። አክስቴ አልሰሙም ብዬ ራሴን ሳጽናና ነበር፤ ስልካቸው እንደሆነ ከመደወል አያልፍም። አቀባበላቸው ቀዝቀዝ ያለ ነበር። እንድቀመጥ አሳዩኝ፣ እሳቸው ግን ቆመው ቀሩ።

«መለስሽው?» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም።

«ያንን ሰው። የጎረቤት ልጅ በስልኳ አሰማችን። ቤት ሙሉ ሴት ተሰብስቦ ነበር። የኔ ሠርግ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሲያልቅ አንዷ ‹ታዲያ የታለ ሰውዬው? የት ደበቅሽው?› ብላ ሳቀችብኝ። ሁሉም ሳቁ።»

ያን ቀን ቬላቸውን አውልቀው የቀደሙትን ሳቅ፣ ከስንት ዘመን በኋላ በኔ ታሪክ ሰሙት። አልቅሼ አስረዳኋቸው፤ የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሙሽራውን ያመጣው ግን ሌላ ሰው እንደሆነ። ማን እንደሆነ ስነግራቸው ያን ጊዜ ነው የተቀመጡት። ይወዱት ነበር፤ ሲመጣ የቆጮ ቡርሳሜ በቅቤ የሚያቀርቡለት ልጅ ነው።

«እንግዲያ ያንቺን አንብቢልኝ» አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ በፊት ስጠይቃቸው «እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ምን እሰማለሁ?» ብለው እምቢ ይሉኝ ነበር። ስልኬን አውጥቼ የመጨረሻውን ምዕራፍ ወደ ሲዳሙ አፎ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ደጋግሜ ተደናቀፍኩ፤ እንደ እሱ ማንበብ አልችልም። ስጨርስ «እንደዚህ ነው የሆነው» አሉና ወደ ጓሮ ወጡ። ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ አልነገሩኝም። በኔ ላይ የነበራቸው አመኔታ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ከዚያ ወዲህ ያለፈ ነገር ስጠይቃቸው «ደግሞ ልትጽፊው ነው?» ይሉኛል፤ ሲሉኝም አይስቁም።

ትረካው የተጫነበትን ገጽ ለሚያስተዳድረው ድርጅት የባለቤትነት አቤቱታ አቀረብኩ። ማስረጃ አምጪ ተባልኩ፤ ከስልኬ የቆዩ ረቂቆችን እየፈለግኩ፣ እየተመለሰብኝ፣ እንደገና እየሞከርኩ ከረምኩ። በስተመጨረሻ ትረካው ወረደ። በዚያው ሳምንት ሰዎች ቀድተው ያስቀመጡት በሌሎች ቻናሎች ብቅ አለ፤ በአንዳንዱ የእሱ ስም እንኳ የለም። ሙሽራው አሁንም እዚያ ተንበርክኮ ያለቅሳል። ቅጂዎቹን መከታተል አቆምኩ።

ቤተ ክርስቲያን ቀየርኩ። አዲሱ ቦታ የሚያውቀኝ ሰው ስለሌለ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እወጣለሁ። መጻፍ ግን አልተውኩም፤ ፋይሎቼን እቆልፋለሁ፣ ሳይወጣ ለማንም አላሳይም። ሥራዬ በዚህ ተጎድቷል። የትኛው አረፍተ ነገር ትንፋሽ እንደሚያሳጣ የሚነግረኝ የለም፤ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳነበው ደግሞ ሁሉም ደህና ይመስለኛል። የሰረቀኝን ሰው ድምፅ አሁንም እፈልገዋለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

በቅርቡ ቢሮ እያለሁ መልእክት ላከልኝ። ሰላምታ የለውም፣ ይቅርታ የለውም፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «አዲስ የጻፍሽው ነገር አለ?» ይላል። መልእክቱን አየሁት። ያየሁት መሆኑም ለእሱ ይታየዋል። መስኮቱ ላይ አንድ ተማሪ ትራንስክሪፕቱን ይጠብቅ ስለነበር ተነሥቼ እሱን አስተናገድኩ።