ለጋሼ ታደሰ ባህርን ሳስረዳ

ባለፈው ሰመር ውስጡ የሚታደርበት መኪና፣ ካምፐርቫን ተከራይተን፣ ሳንዲያጎ ዙሪያ ባህሩ ዳር እያደርን ልንሰነብት አሰብን። ሳይጸለይ መንገድ አይወጣምና የቤተክርስቲያናችንን ሽማግሌ ጋሼ ታደሰን ከባህር ርቃ ባለችው ሬይኖልድስበርግ ወዳለው ቤታችን ጠራናቸው። ካርታው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ልጄ የምናድርባቸውን ቦታዎች በእስክሪብቶ ታከብባለች።

እኔ መቼም አፌ አያርፍም። ግራ እንዳይገባቸው ብዬ፣ "ባህር ማለት ጋሼ፣ ጣናን አይተው እንደሆነ፣ እሱን መቶ እጥፍ ያድርጉት" አልኳቸው። "ውሃው ይመጣል፣ ደግሞ ተመልሶ ይሄዳል።"

"እሺ ልጄ" ይላሉ በትዕግስት። ባለቤቴ በቃህ ለማለት በጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠችኝ። እኔ ስለ ማዕበል ቀጠልኩ።

ስጨርስ ጋሼ እስክሪብቶውን ከልጄ ተቀበሉና ካርታው ላይ፣ የሳንዲያጎ ወደብ መግቢያ ጋ የውሃውን ጥልቀት፣ ቦታ በቦታ በቁጥር ይጽፉ ጀመር። እጃቸው ስሙን እንደሚፈርም ሰው አላመነታም። ልጄ ስልኳ ላይ ቼክ አደረገች።

"ዳድ፣ ሂ ኢዝ ራይት" አለች ቀስ ብላ።

ቁጥሮቹ ሁሉ ልክ ነበሩ። "ጋሼ፣ ሳንዲያጎን ያውቋታል እንዴ?" አልኩ በመጨረሻ።

"በወጣትነቴ በባህር ኃይል መርከብ ገብቼባታለሁ" አሉ። "የመኪናውን መንገድ ግን አላውቀውም፤ በሉ እንጸልይ።"