ሳሙና በእጃቸው ላይ የደረቀባቸው አምባሳደር

ሲስተር ኮከብ እንግዳ ስትቀበል ያላየ ሰው፣ እንግዳ መቀበል አውቃለሁ ብሎ አይኩራ። ከኢታንግ ወጣ ብሎ፣ ወደ ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ዘጠኝ ዓመት አዋላጅ ሆና ስትሠራ አርባ የልዑካን ቡድን ተቀብላለች። አርባ! ዲፕሎማቱም፣ ባለሥልጣኑም፣ የእርዳታ ድርጅት ኃላፊውም ስደተኛውንና ነባሩን ሕዝብ ለማየት ሲመጣ መንገዱ በእሷ ደጅ ነው። እሷ ደግሞ ስደተኛ ነባር ሳትል ሁሉንም ታዋልዳለች።

የፕሮቶኮሉ ሰው ጋሽ ዘውዱ ከጋምቤላ ከተማ ይደውልና «ሲስተር፣ ነገ እንግዳ አለብሽ» ይላታል። በማግስቱ ማለዳ የውሃ ቦቴ መጥቶ ሮቶውን ጢም አድርጎ ይሞላዋል። ላንድክሩዘሮቹ ሲደርሱ ቧንቧው ይንፎለፎላል፣ ወለሉ ያብለጨልጫል፣ ኮከብም በስድስት የእንግዳ ብርጭቆዎች ቀዝቃዛ ውሃ ታቀርባለች። እነዚያን ብርጭቆዎች ከልዑካን በቀር የነካቸው የለም።

አንዲት ነገር ብቻ ትደብቃለች። በማዋለጃው ክፍል በር ላይ በገዛ እጇ የጻፈችው ማስታወቂያ አለ፦ «ለመውለድ የምትመጡ እናቶች ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዛችሁ እንድትመጡ በትሕትና እንጠይቃለን።» እንግዳ ሲመጣ ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች። ደብረ ታቦር ያደገች ልጅ ናት፤ ገበናን ለእንግዳ ማሳየት እንዴት ተደርጎ! እንግዳው ሲሄድ መልሳ ትለጥፈዋለች።

በሌላው ቀን ውሃው ኛሉዋክ ናት። ኛሉዋክ አማርኛን በሥራ የለመደች የጤና ጣቢያዋ ጽዳት ሠራተኛ ስትሆን፣ አንዲት እናት ምጧ ፋታ ነስቷት ያለ ጀሪካን ከመጣች ባሮ ወንዝ ድረስ ወርዳ ቀድታ የምትመጣው እሷ ነች። ደርሶ መልስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ልጁ ቀድሟት የደረሰበት ቀን ስንት እንደሆነ ኮከብ መቁጠር ትታለች።

ታዲያ ዝም ብላም አልተቀመጠች። የውሃ ጉድጓድ ይቆፈርልን ብላ ለውሃ ቢሮ ሦስት ጊዜ ጽፋለች። የሦስተኛው መልስ የመጣው ዘንድሮ በጥር ነው፦ «የተቋሙ የውሃ አቅርቦት በቂ መሆኑ በተደጋጋሚ በተደረጉ ጉብኝቶች የተረጋገጠ ስለሆነ ጥያቄውን ለማስተናገድ እንቸገራለን።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ማነው ያረጋገጠው? የጎብኚዎችን መዝገብ አወጣችና ገለጠችው። «ንጽሕናው ያስደንቃል።» «ለቀዝቃዛው ውሃ እናመሰግናለን።» አንዱማ «እንዲህ የሚፈስ ቧንቧ እኔ ሆቴል ውስጥም የለም» ብሎ ጽፏል። አርባ ቡድን፣ አርባ ምስጋና!

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለች ስንቷን ነፍሰ ጡር ስትቆጣ የኖረች ሴት የራሷን ዘጠኝ ዓመት ደብቃ ኖራለች። አፈረች። ከዚያ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ደግሞ አለቀሰች።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ዘውዱ ደወለ።

«ሲስተር፣ የአሁኑ እንደ ሌላው አይደለም። አምባሳደር ናቸው፣ ራሳቸው። መንግሥታቸው ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ጉድጓድ ያስቆፍርና ፕሮጀክቱን ይዘጋል። ሦስቱን የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ አደራሽን፣ አብለጭልጪልኝ!»

«እሺ ጋሼ» አለች ኮከብ።

አምባሳደሩ የሚመጡበት ቀን በየካቲት፣ ማክሰኞ ነበር፤ የእርግዝና ክትትል ቀን። ቦቴው መጥቶ ሮቶውን ሞልቶ ሄደ። ኮከብ በሩ ላይ የተሰለፉትን እናቶች አየችና «ኛሉዋክ፣ ቧንቧውን ክፈችው፤ ሁሉም ጀሪካኗን ሞልታ ወደ ቤቷ ትሂድ» አለች። ኛሉዋክ አብዳለች እንዴ በሚል ዓይን አየቻት። ከፈተችው ግን። አራት ሰዓት ላይ ሮቶው ቢመቱት ከበሮ ሆነ። ማስታወቂያውም ከበሩ ላይ አልተነቀለም።

አምስት ሰዓት ላይ እንግዶቹ ደረሱ። አምባሳደሩ ረጅም፣ ሽበታም፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። ማዋለጃውን ማየት ፈለጉ፤ እዚያ ደግሞ እጁን ሳይታጠብ የሚገባ የለም። ኮከብ ሳሙና አቀበለቻቸው። ቧንቧው እጅ ለማርጠብ ያህል ተንጠባጠበ፤ አምባሳደሩ እስከ ክንዳቸው አሽተው አረፋውን አስነሱት። ከዚያ ቧንቧው ተነፈሰና ዝም አለ።

አንድ አገር የሚወክል ሰው እጁን ወደ ላይ ይዞ፣ አረፋ በአረፋ ሆኖ ቆመ።

የጋሽ ዘውዱ ፊት አመድ መሰለ። «አዋረድሽን!» ብሎ በሹክሹክታ ተቆጣና ከመኪናው የታሸገ ውሃ ይዞ እየሮጠ መጣ። እንግዳ ቆሞ ውሃ ሲያጣ ማየት ለኮከብ ሞት ነው፤ እናቷ ብታያት ምን ትላት ነበር? ግን ጨከነች።

«ጋሼ፣ ለሚወልዱትም የታሸገ ውሃ ይመጣል?»

አስተርጓሚው ሳያስብ ተረጎመው። አምባሳደሩ የጋሽ ዘውዱን ጠርሙስ በክርናቸው ገለል አደረጉና «ታዲያ ውሃ ከየት ነው የምታመጡት?» ብለው ጠየቁ። ኮከብ በሩ ላይ የተለጠፈውን አሳየች። አስተርጓሚው አነበበላቸው። ሳቂታው ሰው መሳቅ አቆሙ።

በዚህ መሃል ኛሉዋክ ጀሪካኗን አንስታ ወጣች። ደጁ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ለተከበሩት አምባሳደር «አንተ ና። ውሃ እዚያ ነው» አለቻቸው።

አምባሳደርን አንተ! ጋሽ ዘውዱ ግንባሩን ያዘ። እሳቸው ግን ተከተሏት። ጠባቂው ተከተለ፣ አስተርጓሚው ተከተለ፣ ካሜራ የያዘው ተከተለ፣ ጋሽ ዘውዱም ክራቫቱን እያላላ ተከተለ። የጋምቤላ የካቲት ፀሐይ ደግሞ ማዕረግ አታውቅም። ባሮ ሲደርሱ ሳሙናው በአምባሳደሩ እጅ ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ኛሉዋክ ቀድታ አስታጠበቻቸው። ሲመለሱ ጀሪካኑን እኔ ካልያዝኩ ብለው ሙግት ገጠሙ፤ ያዙትም፤ የመጀመሪያው ዛፍ ጋ ግን እጅ ሰጡ። ጤና ጣቢያው ድረስ ያደረሰው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ጋሽ ዘውዱ ነው።

አምባሳደሩ መዝገቡ ላይ አንድም ምስጋና አልጻፉም። «እዚህ ውሃ የለም። እጄን የታጠብኩት ወንዝ ወርጄ ነው» ብለው ፈረሙ። አርባውን ገጽ አንድ ላይ ብትመዝኑት ያቺን አንዲት መስመር አያህልም።

የቁፋሮው ማሽን በግንቦት መጣ። ሰኔ ሲገባ ቧንቧው ያለ ቦቴ ፈሰሰ። ለምርቃቱም ልዑካን ሊመጡ ነው ተብሎ ጋሽ ዘውዱ «በይ እንግዲህ፣ ብርጭቆዎቹን አውጪ!» ብሎ ደወለ።

ብርጭቆዎቹ ግን ወጥተው ነበር። ኮከብ ልዑካኑ ሳይደርሱ የእንግዳውን ወንበር ጎትታ ኛሉዋክን በግድ አስቀመጠቻት። አንዱን ብርጭቆ ከቧንቧው ሞልታ በሁለት እጇ አቀረበችላት።

ኛሉዋክ ብርጭቆውን አየች፣ ወንበሩን አየች። «ሲስተር፣ እኔ ልዑካን ነው እንዴ?» አለች።

«ዛሬ ነሽ» አለቻት ኮከብ። «ዘጠኝ ዓመት ስትቀጂ፣ አንድ ቀን ቀድቼልሽ አላውቅም። ጠጪ በይ።»

ኛሉዋክ እስከ መጨረሻው ጠጣችና ባዶውን ብርጭቆ ዘርግታ ድገሚኝ አለቻት።