የአያታችንን ስም የያዙ ሰዎች

አርባ ምንጭ ገበያ መሀል የአያታችንን ስም ጮክ ብለህ ብትጠራ ግማሹ ሰው ዞር ይላል። ቤተሰቡ በዚያ ስም የሚጠራ ባጃጅ ነጂ አለ፣ ወንጌላዊ አለ፣ ሙዝ ነጋዴ አለ። ከአንዳቸውም ጋር አንዛመድም። የእኛ ዘመዶች ጨንቻ ነበሩ፤ አብዛኞቹ አልቀዋል። እዚህ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ ብቻ ነበርን።

አምና ወንድሜ ታሞ ሞተ። እናቴ ከለቅሶዋ መሀል የምትደጋግመው አንድ ነገር ነበር፤ "ልጄን ማን ይሸከምልኛል?" እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመጣል። ሬሳ የሚሸከመው ግን ወገን ነው። እኛ ደግሞ ወገን የለንም።

የእድሩ ለፋፊ ማይክራፎኑን ይዞ መጣና "ማን ልበል?" አለኝ። የወንድሜን ስም ልነግረው አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። እንደገና ሞከርኩ። በመጨረሻ የአያታችንን ስም ብቻ አልኩት። እሱም ማን እንደሞተ ሳይል፣ የዚያ ስም ቤተሰብ ለቅሶ ላይ ነው እያለ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ እስከ ላይኛው ሴቻ ዞረ።

መጀመሪያ የደረሰው ከጫኖ የመጣው ሙዝ ነጋዴ ነው። "አባቴን! አባቴን!" እያለ ከሞተር ወረደ። ወዲያው አባቱ በሌላ ሞተር ደረሱ። እሳቸው የሚያለቅሱት ልጃቸውን ነው። ድንኳኑ በር ላይ ተያዩ።

"አለህ እንዴ?" አሉ ሽማግሌው።

"እርስዎስ አሉ?"

ተቃቅፈው አለቀሱ። አንዲት ጎረቤት "ሁለታችሁም ካላችሁ ምን ያስለቅሳችኋል?" ብትላቸው ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። እናቴ ሳትቀር።

ሽማግሌው እናቴ አጠገብ ተቀምጠው የአያት የቅድመ አያት ስም ጠየቋት። የትም አልገጠመም። "ግድ የለም፣ የኔ ልጅ" አሏት። "እንባው አንዴ ወጥቷል።"

ወንጌላዊው መጣ። ባጃጅ ነጂው መጣ። እነሱም የራሳቸው ሰው የሞተ መስሏቸው ነበር፤ አለመሞቱን ሰምተው ግን አልሄዱም። ሳጥኑ ሲነሳ ሁሉም የፊት ጫፉን ለመያዝ ተጋፉ።

"አባባ፣ ወገብዎን ያስቡ!" አለ ባጃጅ ነጂው።

"ወገቤን ተወው! ስሙን ካንተ በፊት ነው የያዝኩት!"

እኔ የምይዝበት አጣሁ። በዚህ ገባሁ፣ ትከሻ። በዚያ ዞርኩ፣ ትከሻ። ሙዝ ነጋዴው ገፋ አደረገኝና "ወንድም፣ ዘመድ ይቅደም!" አለኝ።

"እኔ... ወንድሙ ነኝ።"

"የማን?"

ወደ ሳጥኑ ጠቆምኩ። ከዚያ የወንድሜን ስም ጠራሁ። ወጣልኝ።

ሰውየው ትከሻውን አውጥቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። እናቴ ከኋላችን ነበረች። ማን ይሸከምልኛል ማለቷን ትታ፣ አሁን የልጇን ስም ብቻ እየጠራች ታለቅስ ነበር።