ከፈተናው በኋላ የደረሰኝ መርዶ

አጎቴ ውጫሌ ላይ ኬሚስትሪ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ኮሌጅ ገብቼ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሲከብደኝ፣ ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በሰቀሏት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ያቆሙኝ ነበር። ትክክለኛውን መልስ መጻፌ አይበቃቸውም። «ይሄን ሸምድደህ ነው! ኤሌክትሮኑ ከየት ተነስቶ ወዴት ሄደ?» ይሉና ሁሉንም አጥፍተው እንደገና ያስጀምሩኛል።

ለማጠቃለያው ፈተና ስዘጋጅ ስደውልላቸው ድምፃቸው ደከመብኝ። «ታመሙ እንዴ?» አልኳቸው።

«ጉንፋን ነው። ከጥናት ለማምለጥ ወሬ ታበዛለህ አይደል? ሂድ፣ አጥና!» ብለው ሳቁብኝ። አመንኳቸው።

ፈተናውን በደንብ ሠርቼ ውጫሌ ስገባ ዘመድ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። አጎቴ ከተቀበሩ ሰንብተው ነበር። ባለቤታቸው እያለቀሱ፣ «ፈተናው ሳያልቅ እንዳትነግሩት ብለው አስምለውን ነው። ወላሂ፣ ለአንተው ብለው ነው» አሉኝ።

ኋላ በገባሁበት የጋዜጠኝነት ሥራ ብዙ ሰው ዋሽቶኛል፤ እንደዚያ ውሸት የከፋኝ ግን የለም። ዛሬ ሰሌዳዋ ተነሥታ ግድግዳው ላይ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። ያን ቀን ባለቤታቸውን እንዲህ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፦ «ብወድቅ ኮርሱን እደግመው ነበር። ቀብራቸውን ግን እንዴት አድርጌ ልድገመው?»